ሞስኮን የሚያውቁት ሰው

ጆርጂያ ስቴት፣ አትላንታ አጠገብ፣ ታከር ውስጥ ካለው የጋሽ ኃይለመስቀል ጎሚስታ ቤት ጎማ ሊያስቀይር የሚሄድ ሰው ሁለት ነገር ይዞ ይመለስ ነበር፤ አንዱ ጎማ፣ ሌላው ስለ ሩሲያ የተሟላ ማብራሪያ። ማብራሪያው በነፃ ነው። አልፈልግም ማለት ግን አይቻልም፤ መኪናህ ክሪክ ላይ ተሰቅሎ ወዴት ትሄዳለህ?

ዛሬ ጎማው አለ፣ ማብራሪያው ግን ቀርቷል። እንዴት እንደቀረ ነው የማወራው።

እኔ ነጋ እባላለሁ፤ ኤርፖርት አካባቢ ላለ ሆቴል እንግዳ የማመላልስ ሹፌር ነኝ። የእድራችን ጸሐፊም ስለሆንኩ የሰው ሁሉ ሐዘን መጀመሪያ ወደ እኔ ስልክ ይመጣል። ፖለቲካ አልወድም። ከቤቴ አስወጥቶ እዚህ የጣለኝ እሱ ስለሆነ ቂም ይዤበታለሁ፤ መኪና ውስጥ ሲነሳ ሬዲዮ ከፍ አደርጋለሁ። ጋሽ ኃይለመስቀል ሲያወሩት ግን እሰማ ነበር፤ ሰውየውን እወዳቸዋለሁ። ዓመተ ምሕረቱን የምጠራው በዚህ አገር አቆጣጠር ነው።

የደብረ ብርሃን ልጅ ናቸው። በሰማንያዎቹ መጀመሪያ፣ ደርግ ተማሪዎችን በገፍ ወደ ሶሻሊስት አገሮች በሚልክበት ጊዜ፣ ለእሳቸው ዶኔትስክ ደረሳቸው። ዶኔትስክ ያን ጊዜ የሶቪየት ዩክሬን የከሰል ከተማ ነበረች፤ ከጉድጓድ የወጣ ጥቁር አፈር በየሰፈሩ እንደ ኮረብታ ተከምሮባት። እዚያ የማዕድን ምሕንድስና ተማሩ። አገር ቤት ተመልሰው የሚገቡበት የከሰል ጉድጓድ ይኑር አይኑር የጠየቀ አልነበረም። ቫለንቲና የምትባል ነርስ አገቡ፤ ላሪሳ የምትባል ሴት ልጅ ወለዱ።

እዚያው እያሉ አባታቸው አገር ቤት ሞቱ። አብረዋቸው የሚማሩት ኢትዮጵያውያን በደብዳቤ ሰምተዋል፤ ግን የፈተና ወቅት ስለነበር ዝም አሉ። አብረዋቸው በሉ፣ አብረዋቸው አጠኑ፣ አብረዋቸው ካርታ ተጫወቱ። የመጨረሻው ፈተና ባለቀ ማግስት፣ ሰማዩ ገና ሳይገለጥ፣ ሁሉም ተሰብስበው በራቸውን አንኳኩ። ቫለንቲና የመኝታ ልብሷን እንደለበሰች ቆማ ያ ሁሉ ወንድ በአንድ ጊዜ ሲያለቅስ አየች። ነገሩ ሲገባት ግን ተናደደች። "እያወቁ ነው ከአንተ ጋር ሲስቁ የከረሙት? እነዚህ ጓደኞችህ ናቸው ወይስ ጠላቶችህ?" አለቻቸው። ጋሽ ኃይለመስቀል ይህን ጎማ ቤት ውስጥ ባወሩት ቁጥር ይስቃሉ። "መርዶን ለፈረንጅ እንዴት ታስረዳዋለህ? ሰው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ነው ብላት፣ ብላት፣ ወይ ፍንክች" ይሉ ነበር።

ትምህርቱ አለቀና ወደ አገራችሁ ተመለሱ ተባሉ። ቫለንቲና ጦርነት ወዳለበት አገር ልጄን ይዤ አልሄድም አለች፤ ያን ጊዜ ጦርነቱ ያለው እኛ ጋ ነበር። ብቻቸውን ተመለሱ። ብዙም ሳይቆይ ደርግ ወደቀ፣ እሳቸውም በናይሮቢ በኩል ስደተኛ ሆነው አትላንታ ገቡ። ኖርክሮስ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ጫኑ፤ ከዚያ ጎማ ቤት ተቀጠሩ፤ ባለቤቱ ጡረታ ሲወጣ ጎማ ቤቱን ገዙት። ወይንሸትን አገቡ። ከእሷ ልጅ አልወለዱም፤ ላሪሳን ግን በስልክ አሳደጓት ማለት ይቻላል።

ላሪሳ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆነች። ባሏ ጥሏት ሄደ፣ ቫለንቲናም ታማ ሞተች፣ ላሪሳ ዶኔትስክ ውስጥ ከአንድ ልጇ ጋር ቀረች። ልጁ ሚሻ ይባላል። የተወለደው ልክ በኅዳር ሚካኤል ዕለት ስለሆነ አያትየው ስሙን ሙሉ አድርገው ሚካኤል ነበር የሚሉት። በየዓመቱ በዚያ ቀን ታከር ቤታቸው ዝክር ይዘክራሉ፤ ዳቦው ከመቆረሱ በፊት ስልካቸውን አንስተው በቪዲዮ ያሳዩታል። ልጁ ረጅም፣ ጠይም፣ ፀጉሩ የተጠቀለለ፣ ፈገግታው የአያቱ ነበር። ከአማርኛ የሚያውቀው "ደህና ነኝ አያቴ" የሚለውን ብቻ ነው፤ ለጠየቁት ሁሉ እሱኑ ይመልሳል። ሁለተኛ ደረጃ እንደጨረሰ አያቱ የተማሩበት ተቋም ገባ፤ ያውም ማዕድን ሊያጠና። "ጉድጓዱ ሁሉ ተዘግቶ እሱ ማዕድን ይማራል!" ብለው ሲስቁ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

አሁን ወደ ማብራሪያው ልምጣ። በ2014 ዶኔትስክ ውስጥ መሣሪያ የያዙ ሰዎች የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ያዙና ሪፐብሊክ ሆነናል አሉ። ሕዝበ ውሳኔ አካሄድን ብለውም ወደ ሞስኮ ዞሩ፤ ሞስኮ ክሪሚያን ከዩክሬን ቆርሳ ከወሰደች ገና ሁለት ወር ስላልሞላት፣ እኛንም ውሰዱን ነበር ነገሩ። በዚያ ሰሞን ጎማ ቤቱ ውስጥ አሸብር አለ። አሸብር ኡበር የሚነዳ ጓደኛችን ነው፤ ካልተከራከረ ምሳ አይወርድለትም።

"ጋሼ፣ ዶኔትስክን ቴክ ኦቨር ሊያደርጓት ነው" አለ።

ጋሽ ኃይለመስቀል የጎማ መፍቻውን አስቀመጡ። "አይወስዷትም። ክሪሚያ ወደብ ናት። ዶኔትስክ ምን አላት? ጡረተኛና ያረጀ ጉድጓድ። ሞስኮ የምትፈልገው ኪየቭ ጫማ ውስጥ ጠጠር መክተት ነው፤ በተራመደች ቁጥር እንድታነክስ። የከተተችውን ጠጠር መልሳ ኪሷ ልታደርገው ነው? እኔ እነሱን አውቃቸዋለሁ።"

እንዳሉትም ሆነ። ሞስኮ የሕዝቡን ድምፅ አከብራለሁ አለች እንጂ ለሪፐብሊኩ እውቅና አልሰጠችም። መሣሪያና ወታደር በድንበሩ ይገባል፤ ሲጠየቁ የለንበትም ይላሉ። በዓመቱ ሚንስክ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ ዶኔትስክ ልዩ አስተዳደር ተሰጥቷት ወደ ዩክሬን ትመለስ የሚል። ሞስኮም ፈረመችበት። "አላልኩም?" አሉ ጋሽ ኃይለመስቀል። በ2017 ሞስኮ ሪፐብሊኩ የሚያድለውን ፓስፖርት "ለጊዜው" ብላ ተቀበለች። በ2019 ደግሞ የዚያ አካባቢ ሰው የሩሲያ ዜግነት በአቋራጭ ያግኝ ተባለ። ላሪሳም ወሰደች፤ ሥራዋ ያለ እሱ አልሄድ ብሏት ነበር። ሰውን ወሰዱ፣ መሬቱን አልወሰዱም። አሸብር በየጊዜው "አሁንስ?" ይላል፣ እሳቸው በየጊዜው "አይወስዷትም" ይላሉ፣ በየጊዜውም ልክ ይሆናሉ። ይህን ያህል ዓመት ልክ መሆን ሰውን ያበላሻል። የኋላ ኋላ ይህን አሰብኩ እንጂ ያን ጊዜ እኔም አምኛቸው ነበር።

በ2021 መጨረሻ ሩሲያ ድንበሩ ላይ ወታደር ማከማቸቷ በዜናው ሁሉ ተወራ። በዚያው ኅዳር ሚሻ አሥራ ስምንት ዓመት ሞላው። ከዝክሩ ጥቂት ቀናት በኋላ ጎማ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ላሪሳ ደወለች። እሳቸው እጃቸው ቅባት ስለነበር ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው በሩሲያኛ አወሩ፤ ረጅም ነበር፤ የእሷ ድምፅ ቸኩሏል፣ የእሳቸው ረጋ ብሏል።

"ምን አለች ጋሼ?" አልኳቸው ሲዘጉ።

"ትብሊሲ ጓደኛ አለችኝ ትላለች። ጆርጂያ፤ ይቺ የእኛዋ ሳትሆን አገሪቱ። ሚካኤልን በሩሲያ በኩል አሳልፌ እዚያ ልላከው ወይ ነው።"

"እና ምን አሏት?"

"ሴሚስተሩን ይጨርስ አልኳት። ጃንዋሪ ላይ ፈተና አለው። እነሱ ወታደር የሚያሰልፉት ለመደራደር ነው፤ ስንት ጊዜ አየሁ።" ጎማውን አንከባለው ወደ ግድግዳው አስጠጉት። "ደግሞ ትምህርቱን አቋርጦ የሰው አገር ሄዶ ምን ይሆናል? ካርቶን ይጭናል። ነጋ፣ ስደትን እኔን ጠይቀኝ።"

እዚያ ቆሞ የነበረው አሸብር አፉን ሊከፍት ሲል አየሁትና በዓይኔ ከለከልኩት። ሽማግሌውን ማስጨነቅ አልፈለግኩም ነበር። ላሪሳም አባቷን ሰማች፤ ሕይወቷን ሙሉ ስለ ሞስኮ ከእሳቸው ስትሰማ ኖራ አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም።

ሚሻ ፈተናውን አለፈ። ውጤቱን ለአያቱ በቴክስት ላከ፤ አያቱም ለእኛ ለሁላችን ላኩልን።

በፌብሩዋሪ፣ አንድ ዓርብ፣ የሪፐብሊኩ መሪዎች ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን በአውቶቡስ ወደ ሩሲያ ይውጡ ብለው አወጁ። ላሪሳ ደወለች። "ለማስፈራራት ነው፤ ቲያትር ነው" አሏት። በማግስቱ ከአሥራ ስምንት እስከ ሃምሳ አምስት ዓመት ያለ ወንድ ከከተማው እንዳይወጣ፣ ለጦርነትም እንዲመዘገብ ታዘዘ። ሰኞ ሞስኮ ዶኔትስክን አገር ናት ብላ እውቅና ሰጠች፤ ስምንት ዓመት ሙሉ እንቢ ያለችውን በአንድ ምሽት እሺ አለች። ሐሙስ ጦርነቱ ተጀመረ። እኔ ሐሙስ ዕለት ጎማ ቤቱ ሄጄ ነበር። ሁለት ደንበኞች ቆመው ይጠብቃሉ፣ አንዷ መኪና ያለ ጎማ ተሰቅላለች፣ ጋሽ ኃይለመስቀል ወንበር ላይ ተቀምጠው የስልካቸውን ዜና ያያሉ። መፍቻውን ከእጃቸው ወስጄ ጎማውን እኔ አሰርኩት።

ሚሻን ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ከተቋሙ በር ላይ ወሰዱት። ልምምድ የሚባል አልነበረም፤ አያቱ ከመወለዳቸው በፊት የተሠራ የሚመስል የብረት ቆብ ሰጧቸው። ላሪሳ ልጄን ትቼ አልወጣም ብላ ቀረች። ማርች ላይ አንድ ጊዜ በሰው ስልክ አያቱ ጋ ደወለ፤ "ደህና ነኝ አያቴ" አለና ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ የእሱ ድምፅ አልተሰማም። ላሪሳ የሁሉንም ስልክ ሰብስበውባቸዋል አለች። እሳቸውም ትክክል ነው፣ ጦር ሜዳ ስልክ አይፈቀድም፣ አሉ።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ መኪናቸው ውስጥ ሆነው ይደውሉላታል። ወይንሸት አጠገባቸው ትቀመጣለች። "ዜና አለ?" ይላሉ። "ደህና ነው ብለውኛል ፓፓ" ትላለች። በጋው እንዲህ አለፈ። ጎማ ቤቱ ውስጥ ማብራሪያው አልቆመም ግን አጠረ፤ አሸብርም መከራከር ትቶ "ልክ ነው ጋሼ" ይል ጀመር፤ ይህ ለእኔ ከዜናው የባሰ አስፈሪ ነበር።

በሴፕቴምበር መጨረሻ ሞስኮ ዶኔትስክ የሩሲያ መሬት ናት ብላ አወጀች። ከእውቅና እስከ መጠቅለል ስምንት ወር አልፈጀባትም። አሸብር "አላልኩም?" ይላል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላለም። ለዚህ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ። ጋሽ ኃይለመስቀል ግን ከዚያው አዋጅ ውስጥ ተስፋ ፈልፍለው አወጡ። "የሩሲያ መሬት ናት ካሉ የሩሲያ ሕግ ይሠራባታል። ሩሲያ ውስጥ ደግሞ ተማሪ አይዘምትም። ታዩታላችሁ፣ ይመልሷቸዋል" አሉ።

በኖቬምበር መጀመሪያ ልክ እንዳሉት ሆነ። ከዶኔትስክ የዘመቱ ተማሪዎች ወደ ትምህርታቸው ይመለሱ ተባለ። ጋሽ ኃይለመስቀል በጠራራ ፀሐይ ጎማ ቤቱን ዘግተው፣ ዶናት በካርቶን ገዝተው፣ ጎረቤት ያሉትን ሱቆች ሁሉ አዳረሱ። የልብስ ማጠቢያው ኮሪያዊ ምን እንደሆነ ሳይገባው ሁለት በላ። እኔ ጋ ደውለው "ሚካኤል ደረሰለት! ከበዓሉ በፊት!" አሉኝ። ዘንድሮ ለዝክሩ እድሩን በሙሉ እንደሚጋብዙ ነገሩኝ። ከዚያ ላሪሳ ጋ ደወሉ። ስቀው፣ ጮኸው፣ አዋጁን ቃል በቃል አነበቡላት። "አዎ ፓፓ፣ ሰምቻለሁ" አለቻቸው።

በማግስቱ ላሪሳ ወይንሸት ጋ ደወለች። ሁለቱ በበዓል ሰላም ከመባባል በቀር ብዙ አውርተው አያውቁም። ወይንሸት ብሩክሄቨን ውስጥ አንድ የአረጋውያን ቤት ትሠራለች፤ ምሳ ሰዓቷ ስለነበር መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። የተናገሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ወይንሸት እንደነገረችኝ በአማርኛ እጽፈዋለሁ።

"አባቴ አጠገብሽ አለ?"

"የለም። ሥራ ነኝ።"

"ሚሻ ሞቷል" አለች ላሪሳ። "አፕሪል ላይ ነው። ቀብሬዋለሁ።"

ወይንሸት ጮኸች። ላሪሳ አላለቀሰችም፤ ጠበቀቻትና ቀጠለች። መጀመሪያ እሷም ስላላመነች ነበር ያልተናገረችው። ከዚያ አባቷ እሑድ ሲደውሉ አፏ ላይ የመጣላት "ደህና ነው" የሚለው ሆነ፤ አንዴ ካለችው በኋላ መመለሻው ጠፋት። "ትናንት ግን ሲስቅ ሰማሁት" አለች። "ልጁን በር ላይ ቆሞ ሊጠብቀው ነው።"

"ለምን አንቺ ራስሽ አትነግሪውም የኔ እናት?"

"እናቴ ነግራኛለች። እናንተ ተሰብስባችሁ በጠዋት ትሄዳላችሁ። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ በዚህ ነገር ተናዳ ኖረች፤ ስትታመም ግን፣ እኔም ጋ እንደዚያ የሚመጣ ሰው በኖረኝ አለች። በስልክ አልነግረውም። እናንተ እንደምታደርጉት አድርጉለት።"

ወይንሸት ወዲያው እኔ ጋ ደወለች። "ነጋዬ፣ እየነዳህ ነው? ፓርክ አድርግ መጀመሪያ" አለችኝ። ነዳጅ ማደያ ገብቼ ፓርክ አደረግኩ። ስትነግረኝ መሪውን ይዤ ቆየሁ። እንግዳ አለመጫኔ በጀኝ፤ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት።

ዕለቱ ሐሙስ ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት እንሂድ ተባባልን። እስከዚያ ወይንሸት ባሏ አጠገብ እራት በላች፣ የዝክሩን ድግስ አብራ አቀደች፣ ስንት ሰው እንደሚጠራ ተከራከረች። እንዴት እንደቻለችው አላውቅም። አሸብር ጋ ስደውል "እኔ አልመጣም" አለኝ። "አላልኩም ልል የመጣሁ ይመስላቸዋል።" ሰደብኩት። ትመጣለህ አልኩት፣ መጀመሪያ የምታቅፋቸውም አንተ ነህ።

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ከሰፈራቸው ራቅ ያለ ግሮሰሪ ፓርኪንግ ውስጥ ተሰባሰብን። የመኪናው ድምፅ እንዳይቀሰቅሳቸው በእግር ሄድን። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ውሻውን የሚያናፍስ አንድ ነጭ ጎረቤት መንገድ ላይ ቆሞ አየን። ፖሊስ ልጥራ አልጥራ ሲል ገባኝ፤ እጄን አንስቼ "ጉድ ሞርኒንግ" አልኩት፣ እሱም መለሰልኝ።

ያላሰብነው የበሩን ካሜራ ነው። ደጃፉ ላይ ስንደርስ ደወሉ ላይ ያለው ሰማያዊ መብራት ቦግ አለ፤ ሰው ሲቆም አልጋቸው ድረስ ስልካቸው ላይ ያሳያቸዋል። ገና ሳናንኳኳ ድምፃቸው ከደወሉ ወጣ።

"ማነው?"

አሸብር ወደ በሩ ተጠጋ።

"ነጋ? አሸብር?" ከዚያ ነጠላዎቹን አይተው መሆን አለበት። "እታገኝ ናት!" አሉ። "እህቴ! እታገኝ! ወይኔ እህቴን!"

እታገኝ ደብረ ብርሃን ያሉት ታላቅ እህታቸው ናቸው፤ ስኳር ሕመምተኛ ስለሆኑ ለዓመታት ሲፈራላቸው ኖሯል። መርዶ ሲመጣ ከአገር ቤት ነው የሚመጣው። ከዶኔትስክ ሰው ይደውላል እንጂ ተሰብስቦ በጠዋት በር አይቆምም። ጋሽ ኃይለመስቀል በዚያ በኩል የሚመጣ ሐዘን እኛን ይልካል ብለው ሊያስቡ አይችሉም ነበር። በሩ ውስጥ ሆነው ሲያለቅሱ ከደወሉም ከቤቱም ሁለት ድምፅ ይሰማል።

በሩን ከፈቱት። ባዶ እግራቸውን ናቸው። አሸብር ቀድሞ ገብቶ ትከሻቸውን ያዘ።

"ጋሼ፣ ጋሼ። እቴ እታገኝ ደህና ናቸው።"

"ምን?"

"ደህና ናቸው። እመቤቴን።"

ፊቱን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። "ተመስገን! ተመስገን አምላኬ!" አሉ። ሳቁ። እንባቸውን በፒጃማቸው እጅጌ ጠረጉ። "ታዲያ ምን ሆናችሁ ነው በዚህ ሰዓት? በድንጋጤ ልትገድሉኝ ነው? ግቡ፣ ግቡ፣ ብርድ ነው። ነጋ፣ ያን ወንበር ሳብ አድርግ።"

ብዙ ቤት መርዶ ይዤ ሄጃለሁ። ለቀስተኞቹ ፊት ቆሞ ፈጣሪውን ያመሰገነ ሰው ግን ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ከዚያ በኋላም እንዳላይ እለምናለሁ።

ገባን። የተቀመጠ የለም። ወይንሸት ከላይ ፎቅ በደረጃው ወረደች፤ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች። ጋሽ ኃይለመስቀል ሌላ ወንበር እንደያዙ እሷን አዩ፣ እኛን አዩ።

"ላሪሳ?" አሉ በቀስታ።

"ላሪሳ ደህና ናት ጋሼ" አልኩ።

እንዲያ ፈጥኜ መመለስ አልነበረብኝም። ላሪሳ ደህና ከሆነች የቀረው አንድ ነው።

"የለም" አሉ። "የለም፣ የለም። ይመለሱ ተብሏል እኮ። ታውጇል። ተማሪዎቹ ይመለሱ ብለዋል።" ወደ አሸብር ዞሩ፤ ልክ ጎማ ቤት እንደሚከራከሩት ጣታቸውን አነሱ። "አሸብር፣ አንተም ሰምተሃል አይደል? ይመለሱ ብለዋል አይደል?"

"ብለዋል ጋሼ" አለ አሸብር። "ሰምቻለሁ።" እና አቀፋቸው።

ያን ጊዜ ሴቶቹ ጮኹ፤ ቤቱ በለቅሶ ተሞላ።

ፀሐይ ወጥታ፣ ሰው እየጨመረ፣ እሳቸው ሶፋው ጥግ ኩርምት ብለው ተቀመጡ። መቼ ነው ብለው ጠየቁኝ። አፕሪል አልኳቸው። ቀና አሉ፤ የበጋውን እሑዶች እያሰቡ እንደሆነ አወቅሁ። ላሪሳን ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ያሉት ሌላ ነው።

"ለእሷስ ማን ነገራት?"

ስልካቸውን አምጡ አሉ፤ ደወሉላት፤ ስፒከር ላይ አደረጉት። በሩሲያኛ ጥቂት ተነጋገሩ። እሷ በአጭሩ ነበር የምትመልሰው፤ ድምፅዋ አልተሰበረም። ከዚያ ወደ እኛ ተመለሱ።

"በስልክ ነው የነገሯት" አሉ። "ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዋን ቆማ። ማንም አልነበረም አለችኝ። እስከ ዛሬም ማንም የለም።" "ሴሚስተሩን ይጨርስ ያልኳት እኔ ነኝ" አሉ፤ ሁላችንም እናውቅ ስለነበር ማንም አላስተባበለም።

ተነሡ። ስልኩን ለቀስተኛው መካከል ባለው ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት።

"አልቅሱላት" አሉ። "ትስማ።"

ሴቶቹ ተያዩ። ወይንሸት ጀመረች፤ ሚካኤልን በስሙ እየጠራች፣ ርዝመቱን፣ ፀጉሩን፣ ፈተናውን እየጠራች። ሌሎቹ ተቀበሏት። መጀመሪያ ከስልኩ ምንም አልተሰማም፤ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ከዚያ ማዶ፣ ከዶኔትስክ፣ አንድ ድምፅ ወጣ። ወይንሸትን ሚሻ ሞቷል ስትላት ያላለቀሰችው ሴት አሁን ከእኛ ጋር እየጮኸች ነበር። ጋሽ ኃይለመስቀል ጠረጴዛው አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው እጃቸውን ስልኩ ላይ ጣሉ። ባትሪው ሲያልቅ ቻርጀር አምጥተን ሰካነው፤ እስከ ማታ ማንም አልዘጋውም።